ይፍረስ የምትሉ ወደ ሜዳው ውረዱ

ሰኞ 3

ዛሬ የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ። አለቃዬ ጠርቶኝ በሩን ዘጋና፣ የድሮው የስፖርት አዳራሽ ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚለውን አጥንቶ ለከተማው ምክር ቤት ሐሳብ የሚያቀርብ ኮሚቴ መቋቋሙን፣ ሰብሳቢውም እኔ መሆኔን ነገረኝ። ለምን እኔን መረጥክ ብዬ ስጠይቀው «አንተ አትቸኩልም» አለኝ። እውነቱን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት በመሥሪያ ቤታችን የሚኖርበት ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሥራዬን የሚያይልኝ ጠፋ እያልኩ ሳማርር ለካ የሚያይ ነበረ።

ስወጣ ሹፌሩ ለጸሐፊዋ «በቃ፣ አዳራሹ ሌላ ሃምሳ ዓመት ኖረ» ሲላት ሰማሁ። እሷም ሳቀች። የምን ሳቅ እንደሆነ አልገባኝም። ሹመቴን ገና አልሰሙ ይሆናል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ሰው ምን እንዳመመው ሳይነግራት ታውቃለች። «አንተ ልትወስን?» አለችና ሳሎን የተሰቀለውን አሮጌ መጋረጃ አየች። የአዲሱን ቀለም እንድመርጥ የሰጠችኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ክረምት ከርሟል። መጋረጃ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋረጃ ዕድሜ ልክ ይታያል።

ረቡዕ 5

አዳራሹን ለማየት ሄድኩ። ከውጭ ሲያዩት ጉልበቱን ያመመው ሽማግሌ ይመስላል። ሲገቡበት ግን አሁንም ደስ ይላል። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የኳስ ጎማና የወለል ሰም የሚሸት አየር፣ በምሥራቅና በምዕራብ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትሪቡኖች፣ ማለትም በደረጃ የተሠሩ የተመልካች መቀመጫዎች። ጣሪያው በሚያፈስበት ሁሉ ባልዲ ተቀምጧል። የነጥብ ሰሌዳው እንግዳ 71፣ ባለሜዳ 70 ላይ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ ባለሜዳው እስከ ዛሬ በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው።

የአዳራሹ ኃላፊ ጡረታ የወጣ የጨዋታ ዳኛ ነው። ሁሉም «ፊሽካ» ይለዋል፤ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅምና። እኔ እያለሁ አንዲት ድመት ሜዳውን ልታቋርጥ ስትል ነፋባት። ቆመች።

ሜዳውን ዙሪያውን የሚዞሩ አሮጊቶች ነበሩ። ከፊት የምትመራቸው እትዬ ናት። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝም እሷው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገድ ስታይ ብቻ ትውል ነበር፤ ኋላ ጎረቤቷ ጎትታ እዚህ አመጣቻት። ጭቃ የለ፣ መኪና የለ፣ አቀበት የለ። አሁን ሰውን ሁሉ «ፍጠኑ እንጂ» እያለች ታዛለች። ስታየኝ እጇን አነሣችልኝና ሳትቆም አለፈች።

ይህን የጻፍኩት እንዲያው እንዲታወቅ ያህል ነው። በኮሚቴው ሥራ ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም።

ቅዳሜ 8

ከአዳራሹ ጀርባ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ባለ ፈርኒቸሩ፣ ሱቄን መጥተህ እይ ብሎ ላከብኝ። «ይፍረስ» የሚሉት ነጋዴዎች መሪ እሱ ነው። ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ቁም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያዘነበለ እግራቸውን አሳየኝ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የአዳራሹ ጣሪያ ውሃ በተሰበረው አሸንዳ እየተንዶለዶለ ሱቁ ይገባል። እንጨቱ አብጦ በሩ አልገጥም ብሏል።

«ጌታዬ፣ እኔ ስፖርት ጠልቼ አይደለም» አለኝ። «ግን ደንበኛ አልጋ ሊገዛ መጥቶ፣ ይሄ ይንሳፈፋል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ልክ ነው። እትዬም ልክ ናት። የእኔ ጣጣ ይኸው ነው፤ ሰው ባናገረኝ ቁጥር ተናጋሪው ልክ ይሆንብኛል። ስሰናበተው «እናየዋለን» አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠው። ይፍረስ ያልኩት ሳይመስለው አልቀረም።

ማክሰኞ 11

የመጀመሪያ ስብሰባ። ጠዋቱን በሙሉ። የኮሚቴው ስም «የአዳራሹ ጉዳይ» ይባል ወይስ «የአዳራሹ ዕጣ ፈንታ» በሚለው ላይ ጥሩ ውይይት ተደረገ። አልተቋጨም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሐሙስ 20

ከተማው ኢንጂነር ቀጥሮልናል። ወጣት ሴት ናት፤ ፊት አይታ አትናገርም። ትንሽ መዶሻ ይዛ ኮንክሪቱን ኳ ኳ እያደረገች ታዳምጣለች። የምዕራቡን ትሪቡን ጨርሳ አለፈች። የምሥራቁ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች፣ መለስ አለች፣ ደግማ መታች።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ውስጡ ባዶ ይመስላል» አለችኝ። ውሃ ገብቶ ብረቱን በልቶት ይሆናል፤ ቀድጄ እስካየው ድረስ ሰው እንዳይቀመጥበት ይዘጋ አለችና እዚያው ቆማ ማሳሰቢያ ጻፈች።

በመሥሪያ ቤታችን አሠራር ወረቀት ሲመጣ ኃላፊው «ታይቷል» ብሎ ይፈርምና ለሚቀጥለው ይመራዋል። ታይቷል ማለት ጸደቀ ማለት አይደለም፤ ተከለከለ ማለትም አይደለም። በአገልግሎት ዘመኔ ታይቷል ብሎ የተጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ታይቷል ብዬ ለአለቃዬ መራሁት። አለቃዬ ታይቷል ብሎ ለፊሽካ መራው። ፊሽካ ታይቷል ብሎ ለእኔ መለሰው። ይህን ያህል ኃላፊ ካየው ነገሩ በጥሩ እጅ ላይ ነው ማለት ነው።

ሰኞ 24

ዝናብ። ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። አስተካካዩ የግራ ጎኔን ጨርሶ መቀሱን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ «ይፍረስ ነው ይጠገን?» አለኝ። ሁለቱም ወገኖች ነጥብ አላቸው አልኩት። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው አልወድም ብሎ የቀኝ ጎኔን እንደ ነገሩ ነካክቶ ለቀቀኝ።

ባለቤቴ አየችኝና ባርኔጣ አመጣችልኝ።

ዓርብ 28

እትዬ ዘንድ ሄጄ አመሸሁ። ስለ አዳራሹ እንዳታነሣብኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ሳይቀር አወራሁላት። ስወጣ በር ላይ «አንተ ግን ምን ታስባለህ?» አለችኝ። ኮሚቴው እያየው ነው አልኳት።

«ኮሚቴውን አልጠየቅኩም» አለች።

መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው። ሰብሳቢ የራሱ አቋም ካለው ሰብሳቢነቱ ምኑ ላይ ነው ማለት ነበረብኝ። እየሄድኩ ጮክ ብዬ ደገምኩት። እኔን ራሴን አላሳመነኝም። ደግሞም ዛሬ እንዴት ቀልጠፍ ብላ እንደምትራመድ፣ ሻይ ልታፈላ ስትነሣ ወንበሩን እንኳ እንዳልተደገፈች አይቻለሁ። አሁንም ይህን የምጽፈው እንዲታወቅ ያህል ነው።

ሐሙስ 4

ምክር ቤቱ ሕዝብ ያልተወያየበትን አልሰማም አለ። የማዘጋጃ ቤቱ መሰብሰቢያ ጠባብ ነው። ፊሽካ «ለምን እዚያው አዳራሹ ውስጥ አናደርገውም?» አለ። ማለፊያ ሐሳብ። ከኋላ ከማማት ፊት ለፊት መናገር ይሻላል። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማማና ለቅዳሜ ተጠራ። ኮሚቴያችን እስከ ዛሬ የወሰነው ብቸኛ ነገር ይህ ነው። ትንሽ ኮራሁ።

ቅዳሜ 6፣ ጠዋት

ከረባቴ ጠፋ። ተገኘ። ዝናቡ አላባራም። ንግግሬን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ «ሁለቱም ወገኖች» የሚለውን ለሦስተኛ ጊዜ ስል አንቀላፋች። ለማንኛውም እሷም ትመጣለች። ልሂድ።

ቅዳሜ 6፣ ማታ

ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

እትዬና ሴቶቿ ቀድመው ደርሰው የምዕራቡን ትሪቡን ያዙ። ጣሪያው የት እንደማያፈስ ያውቃሉ። ይጠገን ባዩ ሁሉ ከእነሱ ኋላ ሞላ። ይፍረስ ባዮች ከእነዚያ ጋር አንቀላቀልም ብለው ፊት ለፊት፣ ወደ ምሥራቁ ወጡ። ባለ ፈርኒቸሩ እናቱን፣ ሚስቱንና ሴት ልጆቹን ይዞ መጥቷል፤ ከሱቁ ትራስ አስመጥቶ ድምፅ በደንብ የሚሰማበትን መሐሉን መርጦ አስቀመጣቸው። እኔ ማይክ ይዤ ሜዳው ላይ ቆሜ፣ ሰዉ ሳይነገረው እንዴት በሥርዓት ተከፋፈለ እያልኩ እደሰታለሁ። በአንድ ጎን ይጠገን፣ በሌላው ይፍረስ፣ መሐል እኔ። ያማረ ነበር።

ባለ ፈርኒቸሩ ተነሥቶ ተናገረ፤ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ይህ ቤት አንድ ቀን በላያችን ይወርዳል ሲል ወገኖቹ በሙሉ ብድግ ብለው እግራቸውን መደብደብ ጀመሩ። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። እኔም ፈገግ ብዬ አያለሁ።

ኢንጂነሯ የገባችው ይህን ጊዜ ነው። መኪና አጥታ ዘግይታ፣ በዝናብ ራሳ። ቀና ብላ የምሥራቁን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጣ መጥታ በጆሮዬ «ማነው እዚያ ላይ ያስቀመጣቸው? ይዘጋ ብዬ ጽፌ የለም እንዴ?» አለችኝ።

ጽፋለች። ታይቷል።

ከሺህ ሰው የማያንስ ሕዝብ ያ ትሪቡን ላይ ቆሞ ይጨፍራል። ሊወድቅ ነው ውረዱ ብል ይረጋገጣሉ፤ በሩ ጠባብ ነው፤ ግንቡ ሳይጨርሳቸው ሩጫው ይጨርሳቸዋል። ዝም ብልስ? ዝም አይነቅዝም ስል ነው እዚህ ዕድሜ የደረስኩት። ትራሱ ላይ የተቀመጡትን ትንንሽ ልጆች አየኋቸው። ትንሿ እንደ ትልልቆቹ ለመደብደብ እየሞከረች እግሯ አልደርስ ብሏት ትስቃለች።

ማይኩን አፌ ላይ አደረግሁት። ምን እንደምል ግን አላውቅም ነበር።

«አሁን ድምፅ እንሰጣለን» አልኩ። «ይፍረስ የምትሉ ወደ ሜዳው ውረዱ። ቁጥሩ እንዳይዛባ ከታችኛው ረድፍ ተጀምሮ፣ በፊሽካ፣ በተራ። የሮጠ አይቆጠርም።»

ድምፅ የማስቆጠር ሥልጣን የለኝም። ደግነቱ ማንም አልጠየቀኝም። ፊሽካ እንደሆነ ንፋ ለሚለው ሰው ለምን ብሎ አያውቅም፤ ነፋ። አንድ ረድፍ ወረደ። ነፋ። ሌላው ወረደ። እጃቸውን እያነሡ፣ እያጨበጨቡ፣ ግን እንዳይሰረዙ ፈርተው በቀስታ። የባለ ፈርኒቸሩን አሮጊት እናት ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳት። ደረጃው ረጅም፣ እሷ ቀርፋፋ። ልጆቹ ትራሳቸውን ይዘው ወረዱ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ከወዲያ በኩል እትዬ ተነሣች። ጉልበቷን ይዛ፣ ሴቶቿን አስከትላ ወርዳ ይፍረስ ባዮቹ መሐል ቆመች። እሷን ያየ ይጠገን ባይ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየና ግራ ገብቶት ወረደ። ግራ መጋባቱ እኔም ጋ ደረሰ።

ምሥራቁ ባዶ ሆነ፤ አንድ ሰው ሲቀር። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መሐሉ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ይውረዱ ብላቸው «እኔ ገና አልወሰንኩም። የሁለቱንም ወገን ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እንደዚህ ዓይነት ሰው ባገኝ አቅፌ እስመው ነበር። ማይኩ መከፈቱን ረስቼ «ሰው እኮ አንድ ቀን ይወስናል፣ አባቴ» ብዬ ጮኽኩባቸው። አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ባለቤቴም ሰማች። እየተቆጡ ወረዱ።

ወዲያው በሮቹን በሙሉ አስከፍቼ ስብሰባው አብቅቷል አልኩ። ሁሉም በሰላም ወጣ። የድምፁ ውጤት ግን፤ ይፍረስ፣ አንድም ሰው ሳይቀር። ይጠገን፣ ማንም።

ሰኞ 8

አለቃዬ ተቆጥቷል። «ምን ነካህ? እኔ ሰብሳቢ ያደረግኩህ እኮ…» አለና ተወው። ቀሪውን ሳስብ ዋልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ዛሬ ትንሽ ሳይዛመደኝ አልቀረም። የሹፌሩም ቀልድ፣ የጸሐፊዋም ሳቅ አሁን ገባኝ።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ስለወሰነ ምክር ቤቱ ሐሙስ 18 ያጸድቀዋል፤ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል። ባለ ፈርኒቸሩ ሱቁ ላይ «ሰብሳቢያችንን እናመሰግናለን» የሚል ጨርቅ ሰቅሏል። በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። እትዬ ስልክ አታነሣም።

ረቡዕ 10

ኢንጂነሯ ቢሮዬ መጣች። መሐሉን ቀድዳ አይታዋለች። ብረቱ ዝጎ አልቋል፤ የምሥራቁ ትሪቡን መፍረስ አለበት። የቀረው ግን ጤነኛ ነው። ጣሪያው ተደፍኖ አሸንዳው ወደ ዋናው ቦይ ቢዞር አዳራሹም ይድናል፣ ሱቁም ይደርቃል፤ ሁለቱን ያበላሸው አንድ ውሃ ነው። «ሙሉውን ማፍረስ ግፍ ነው፣ ጋሼ። ያ ድምፅ እውነተኛ እንዳልነበረ ለምክር ቤቱ ይንገሯቸው።»

ለእሷ ቀላል ነው። ታዲያ ለምን አስቆጠርክ ይሉኛል፤ ትሪቡኑን ባዶ ለማድረግ እላለሁ። ማን ሞላው ይሉኛል፤ እኔ። እንዲዘጋ አልተነገረህም ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አልፈልግም። ጡረታዬ ደጅ ላይ ነው። ብናገር ሥራዬ፣ ባልናገር አዳራሹ። አዳራሹ ደግሞ አዳራሽ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ትናንት በእትዬ ቤት በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከስብሰባው ወዲህ ሴቶቿ አልተገናኙም።

«እናየዋለን» አልኳት ኢንጂነሯን። መዶሻዋን አንሥታ ወጣች። በዚያች መዶሻ እኔን ብትመታኝ ምን ዓይነት ድምፅ እሰጥ ነበር ይሆን።

እሑድ 14

እትዬ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝና ተመልሳ ተቀመጠች። ሻይ የለም፣ ምን ሆነህ ጠፋህ የለም። ውሻው ላይ ልጀምር ብዬ ተውኩት። ለምን ወረድሽ፣ ቤቱ ይፍረስ ብለሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«የምን ይፍረስ» አለች። «ድምፅህን ሰምቼ ነው እንጂ። ያኔ፣ አንተ ልጅ ሳለህ፣ ጓዳው እሳት ሲይዝ ምን ብለህ ጠራኸኝ? እሳት አላልክም። እትዬ፣ ነይ እስኪ የማሳይሽ ነገር አለ፣ ብለህ እጄን ይዘህ ወደ ውጭ ወሰድከኝ። እንዳልደነግጥ። ቅዳሜ ለታም ድምፅህ ያው ነበር፤ ቅጥን ብሎ። እንግዲህ ይሄ ቤት አንድ ነገር ሊሆን ነው አልኩና ሴቶቼን ተነሡ አልኳቸው።»

ካወቅሽ ታዲያ ለምን ኮረፍሽኝ አልኳት።

«ስጠብቅህ ነዋ» አለች። «እሳቱ ከጠፋ በኋላ እሳት ነበር ይባላል። አንተ ግን እስከ ዛሬ አላልክም።»

ያን እሳት ያስነሣሁት እኔ ነበርኩ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። ወደ ቤት ስመለስ በባለ ፈርኒቸሩ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ጨርቁ በዝናብ ተሸብሽቧል።

ሐሙስ 18

ተናገርኩ።

መጀመሪያ ከረባቴን ሦስት ጊዜ አስተካከልኩ። ከዚያ ለምክር ቤቱ አባላት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማሳሰቢያውን፣ ታይቷሉን፣ ሰውን ያስቀመጥኩበትን፣ ያወረድኩበትን ዘዴ። ሰው ይፍረስ ብሎ አልወረደም፤ የወረደው እኔ ማውረጃ ዘዴ ስለፈለግኩ ነው አልኩ። አለቃዬ ጫማውን ያያል። ፊሽካ ፊሽካውን ጨብጧል። ባለ ፈርኒቸሩ ከታዳሚው መሐል ቆሞ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል።

አፈ ጉባኤው «ታዲያ እርስዎ እንደ ሰብሳቢ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ሁለቱም ወገኖች የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «የምሥራቁ ትሪቡን ይፍረስ፤ አዳራሹ ይጠገን፤ አሸንዳው ይዙር» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «ይኸው እንግዲህ፣ እንደለመደው ለሁለት ከፈለው» አለ፤ የምክር ቤቱ አዳራሽ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ሐሳብ ብናገር መሐል ሰፋሪ ሆኜ አረፍኩት። በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ማክሰኞ 23

ከሰብሳቢነት ተነሣሁ። ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ለአለቃዬም በደረሰው ማስጠንቀቂያ ላይ አለቃዬ ራሱ ታይቷል ብሎ ፈርሞበታል ይባላል። እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተዛወርኩ፤ ከኳስና ከመረብ ጋር። ኳስ አስተያየት አይጠይቅም።

እትዬና ሴቶቿ ሜዳውን መዞር ጀምረዋል። በከተማው ግን የፈሪ ተምሳሌት ሆኛለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጥላውን የሚፈራው መጣ ይላል። ሕዝቡ የሚለው አንድ ነው፤ ሺህ ሰው ጨፍሮበት ያልወደቀ ግንብ ምን ሊሆን ኖሯል፣ አሳብቦ የራሱን ፍላጎት አስፈጸመ።

ባለ ፈርኒቸሩ ቤቴ ድረስ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ሰው ነኝ ብዬ ድምፄን ልሰጥ ወረድኩ። አንተ እንደ በግ ነድተህ አወጣኸን» አለኝ። «እናቴን በዚያ ዝናብ።» ይቅርታ አልኩት። ጨርቁን እንዳወረደው ነግሮኝ ሄደ። ባለቤቴ ምሽቱን ሙሉ አላሾፈችብኝም፤ ነገሩ እንደከፋ በዚያ አወቅኩ።

ሰኞ 29

ማፍረስ ተጀመረ። ለመጠገን በጀት ይጠበቃል፤ ለማፍረስ ሁልጊዜ አለ። ኤክስካቫተሩ ከአንዱ ጫፍ ገባ። ሕዝቡ ጃንጥላ ይዞ በገመዱ ዙሪያ ቆመ። ግንቡ አልፈርስም አለ። ከሰዓት በኋላ የማሽኑ ጥርስ ተሰበረ። ሰዉ አጨበጨበ።

ረቡዕ 1

አሁንም አልወደቀም። ከሌላው ጫፍ ሞከሩ። «ይሄ ነው የሚወድቅብን?» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው። ባለ ፈርኒቸሩ ከሱቁ በራፍ ቆሞ ይስቃል። ኢንጂነሯ እኔ ያየሁት መሐሉን ነው እንጂ ጫፉን አይደለም ብላ ትከራከራለች፤ የሚሰማት የለም።

እኔም ልቤ ሸፈተ። ምናልባት ዝም ብዬ ፈሪ ብቻ ነበርኩ። ምናልባት ያ ሁሉ ሰው ጨፍሮ፣ ድምፁን ሰጥቶ፣ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ሥራዬንም የሰውንም አክብሮት በከንቱ አጣሁ ማለት ነው። ለባለቤቴ ይህን ስላት «እና ባይወድቅ ይቆጭሃል?» አለችኝ።

ዓርብ 3

ከግምጃ ቤት አስፈቅጄ ማፍረሱን ለማየት ሄድኩ። ሰዉ እንደ ትናንቱ ሊስቅ ተሰብስቧል። ባለ ፈርኒቸሩ አየኝና ፊቱን አዞረ፤ ግን የቆምንበት ጠባብ ስለነበር ጎን ለጎን ሆንን።

የኤክስካቫተሩ ሹፌር ማሽኑን ሊያዞር ፈልጎ ክንዱን ለድጋፍ ያህል መሐሉ ላይ አሳረፈው። አልመታም፣ አልገፋም፤ አሳረፈው ብቻ። መሐሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ቁጭ አለ። ጩኸት እንኳ አልነበረውም። አቧራው ሲገፈፍ ታየ፤ ተሰብሮ የወጣው የፌሮ ብረት እንደ ክር ቀጥኗል።

ማንም አልሳቀም። ፊሽካ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይነፋ ቀረ። ኢንጂነሯም ብያችሁ አልነበረም አላለችም።

ባለ ፈርኒቸሩ ጣቱን ቀስሮ በአየር ላይ ረድፎቹን መቁጠር ጀመረ። የሚቆጥረው ግን ረድፍ አልነበረም። እናቴ አለ፣ ሚስቴ አለ፣ ከዚያ የልጆቹን ስም በየተራ ጠራ። ትንሿ ጋ ሲደርስ አቆመ።

«እዚያ ነበርን» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

የኮቴን እጅጌ ያዘ። ሰዉ ሁሉ ሄዶ እስኪያልቅ አልለቀቀኝም። ከዚያ ሱቁን በጠራራ ቀን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማታ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ማንም ምንም አልሆነም።